የጅሬን ኮረብታና የሒርማታ ገበያ

አንድን አገር የሚያስከብረው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በቀረበ ጊዜ ብዙ ሰው የንጉሥን አዳራሽ፥ የሠራዊትን ብዛትና የግንብን ከፍታ ያስባል። በጅማ ምድር ግን አንድ ኮረብታና አንድ ገበያ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ የሁለቱን ታሪክ በትዕግሥት የመረመረ ሰው ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ያገኛል። የኮረብታው ስም ጅሬን ነው፤ የገበያውም ስም ሒርማታ ይባል ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱም ሙቀቱም አይጠናባትም። ዝናሙ ብዙ፥ አፈሩም ቀይና ወፍራም ነው። የአዌቱ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። ከከተማዋ መካከል ተነሥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሽቅብ የወጣ መንገደኛ ጅሬን ይደርሳል፤ ከዚያም ሆኖ ወደ ታች ቢመለከት ከተማውንና በዙሪያው ያለውን ለምለም ሜዳ በአንድ ጊዜ ያያል።

በ19ኛው መቶ ዓመት በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፥ ጉማ፥ ጎማ፥ ጌራና ጅማ ናቸው። የጅማን መንግሥት በ1830 ገደማ ያጸኑት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። አባ ጅፋር የሚለው መጠሪያ በአገሩ ልማድ ከንጉሡ ፈረስ ስም የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የጅፋር ጌታ ማለት ነው። ንጉሡ መቀመጫቸውን በጅሬን አደረጉ። ኮረብታው ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ያሳያልና፥ ከበታቹም ያለውን የገበያ ሜዳ ለመጠበቅ ይመቻልና ስፍራው በማስተዋል የተመረጠ ነበር።

ሒርማታ ከኮረብታው በታች ያለ የገበያ ስፍራ ነበር። ታላቁ ገበያ የሚቆመው ሐሙስ ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይጎርፍ ነበር፤ ከከፋ ኮረሪማ፥ ከጌራ ጫካ ማር፥ ከሊሙና ከእናርያ ዝባድ፥ ከሩቅ ቆላም የዝሆን ጥርስ ይመጣ ነበር። ከሰሜን የመጡ ነጋዴዎች ደግሞ በአፋር ምድር ከጨው ሜዳ ተቈርጦ በአህያና በበቅሎ የተጫነውን አሞሌ ያመጡ ነበር። አሞሌው የሚቀመስ ጨው ብቻ አልነበረም፤ እንደ ገንዘብም ሆኖ ያገለግል ነበር። የሲራራው መንገድ ከጅማ ተነሥቶ ጊቤን ይሻገራል፤ ዓባይንም አልፎ በጎጃም ወዳለው የባሶ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። እንዲህ ባለ ጉዞ ወራት ያልፉ ነበር።

ነጋዴ ሀብቱን ይዞ ወደማያውቀው አገር የሚመጣው ሁለት ነገር ሲያገኝ ነው፤ አንደኛው በመንገድ ላይ ሰላም፥ ሁለተኛው በገበያ ውስጥ ፍርድ ነው። የጅማ ነገሥታት ይህን አውቀው ነበር። የአገሩን ዳርቻ በጉድጓድና በአጥር አስጠበቁ፤ መግቢያ በሚሆነውም ስፍራ ሁሉ ኬላ አቆሙ። በኬላው የሚያልፈው ሁሉ ይጠየቃል፥ ቀረጥም ይከፍላል፤ ከገባ በኋላ ግን በንጉሡ ጥበቃ ሥር ነው። የገበያውም ነገር ለሹም ተሰጥቶ ነበር፤ ጠብ ሲነሣ ሹሙ ይዳኛል። ስለዚህ ከሰሜን የመጡ ብዙ እስላም ነጋዴዎች በሒርማታ አጠገብ ቤት ሠርተው ተቀመጡ፤ ገበያውም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ገበያዎች ሁሉ የበለጠ ሆነ።

በ1878 ዳግማዊ አባ ጅፋር በልጅነታቸው ነገሡ። በዚያ ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ኃይላቸው እየበረታ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይገፉ ነበር። ወጣቱ ንጉሥ ሁለት መንገድ ቀረበላቸው፤ መዋጋት ወይም መገበር። እናታቸው ጉሚቲ ሰላምን እንዲመርጡ እንደ መከሯቸው ይተረካል። አባ ጅፋርም ግብርን መረጡ፤ በ1884 ለምኒልክ ገቡ። በየዓመቱ ግብር እየላኩ የውስጥ አስተዳደራቸውን፥ ሃይማኖታቸውንና የአገራቸውን ሕግ ጠብቀው ኖሩ። ጅማም በእርሳቸው ዘመን ብዙ ደረሶች የሚማሩባት የእስልምና ትምህርት ቦታ ሆነች።

የዚህ ምርጫ ዋጋ የታወቀው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከጅማ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው የከፋ መንግሥት አልገብርም ብሎ ተዋጋ። በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወደ ከፋ ዘመተ፤ አገሩ ተቃጠለ፥ ሕዝቡም ተበተነ። የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ፤ ዳግመኛም ወደ ዙፋናቸው ሳይመለሱ በ1919 ዐረፉ። ጅማ ግን አልተቃጠለችም። ሆኖም እውነተኛ ታሪክ ነጋሪ ሁለተኛውን ነገር አይሸሽግም፤ የጅማ ጭፍራ በዚያ ዘመቻ ላይ ከዘማቾቹ ጋራ ተሰልፎ ነበር። ጅማ ለራስዋ ያገኘችው ሰላም ጎረቤትዋን ከመውጋት አላዳናትም። የገዛ ቤቱን ከእሳት ያዳነ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን በጎረቤቱ ቤት ላይ እንጨት ከጨመረ ምስጋናው ይጎድላል።

ከዚህም የከፋ ነገር በገበያው ውስጥ ነበር። በሒርማታ ከማሩና ከኮረሪማው አጠገብ ሰው ይሸጥ ነበር። በጦርነት የተማረኩ፥ በሌሊትም የታፈኑ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት ከደቡብ አገሮች እየተነዱ ወደዚህ ገበያ ይመጡ ነበር፤ ከከፋ ዘመቻ በኋላም ከምርኮኞቹ ብዙዎቹ ለባርነት ተሸጡ። ገዢው ጥርሳቸውንና ጡንቻቸውን እንደ ከብት ይመረምር ነበር። እናት ወደ አንድ፥ ልጅዋ ወደ ሌላ አገር ይሄዱ ነበር። በኬላው የሚያልፈው ነጋዴ ያገኘው የንጉሥ ጥበቃ ለእነዚህ አልደረሳቸውም፤ ያ ጥበቃ የሻጩን ንብረት ይጠብቅ ነበርና፥ እነርሱም በሻጩ ዓይን ንብረት ነበሩ። እንግዲህ አንድ ገበያ ጸጥታ አለው ማለት ጽድቅ አለው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። የሚሸጠው ነገር ራሱ ግፍ ከሆነ የተስተካከለ ሚዛን ግፉን አያጠራውም።

ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በ1924ም ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ። በመጨረሻ በ1942 በወጣው ዐዋጅ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ብዙ ሕዝብ የሸጠና የገዛበት ሜዳ ዛሬ ያን ነገር አያሳይም፤ ሣር በቅሎበታል፥ ቤትም ተሠርቶበታል። ነገር ግን የሜዳው ዝምታ የተሸጡትን ሰዎች ከታሪክ እንዲፋቁ ሊያደርግ አይገባም።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከሃምሳ ዓመት በላይ ነግሠው በ1932 ዐረፉ። በዚያው ዓመት የጅማ ልዩ አስተዳደር ቀረ፤ አገሩም በቀጥታ በአዲስ አበባ መንግሥት ሥር ሆነ። ከዚህ በኋላ ዘመኑ ፈጥኖ ተለወጠ። ጣሊያኖች በ1936 አገሩን በወረሩ ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት፤ በሒርማታ ሜዳና በአዌቱ ዳር መንገድ ቀየሱ፥ የመንግሥት ቤቶችንም ሠሩ። በ1941 ተሸንፈው ሲወጡ ከተማው ቀረ። እንዲህ ሆኖ የመንግሥቱ ስም ወደ ገበያው ወረደ፤ ሒርማታ ጅማ ተባለች፥ ታላቅ ከተማም ሆነች። ጅሬን ግን የንጉሥ ከተማ መሆንዋ ቀርቶ ጸጥ ያለች የገበሬ መንደር ሆነች።

በጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስካሁን ይታያል። ከእንጨት የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ በዙሪያው ሰፊ ሰገነት አለው፥ መስጊድም በአጠገቡ ይገኛል። ከንጉሡ ዕቃዎች አንዳንዶቹ በከተማው ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። ጎብኚዎች ይመጣሉ፥ አይተውም ይመለሳሉ። በመንደሩ ዙሪያ ግን ኑሮ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ገበሬው በቆሎውንና ጤፉን ይዘራል፥ ከቤቱም ጓሮ ቡናውን ይጠብቃል።

ከዙፋኑም ከዝባዱም በኋላ የጅማን ምድር ያቆየው ይህ ቡና ነው። ዓለም ዐረቢካ ብሎ የሚጠራው የቡና ዓይነት ሰው ሳይተክለው በራሱ የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። በጎማ ወረዳ በአጋሮ አቅራቢያ ያሉ የጮጬ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘው በእኛ አገር ነው ይላሉ፤ የከፋ ሰዎችም እንዲሁ ስለ አገራቸው ይናገራሉ። ክርክሩ የፍቅር ክርክር ነውና መፍረድ አያስፈልግም። ከዚህ ምድር ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመን ሄደ፤ በዚያ በ15ኛው መቶ ዓመት ሱፊዎች በሌሊት ጸሎታቸው ይጠጡት እንደ ነበር ይታወቃል፤ ከየመንም ወደ ዓለም ሁሉ ተሰራጨ። የጅቡቲ ባቡር በ1917 አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የጅማ ቡና ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ አጠረ፤ ንግዱም አደገ።

ቡና የጥላ ዛፍ ነው። በትልልቅ ዛፎች ሥር ፀሐይና ጥላ ተቀላቅሎለት ሲያድግ ዕድሜው ይረዝማል፥ ፍሬውም ቀስ ብሎ ይበስላል። የበጋው መጨረሻ ዝናም ሲወርድ በጥቂት ቀን ውስጥ ነጭ አበባ ያፈነዳል፤ መዓዛውም መንገዱን ሁሉ ይሞላል። ከአበባው እስከ ቀዩ ፍሬ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ያልፋል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ለቀማ ነው። በዚያ ወራት ቤተሰቡ ሁሉ፥ ጎረቤቱም ጭምር በደቦ ወደ ቡናው ይወጣል። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ተለቅሞ የሚገኘው ንጹሕ ቡና አንድ ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

በዚህ ስፍራ የገበሬው ሐቀኝነት ይፈተናል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ አብረው ይገኛሉ። ቀዩን ብቻ የሚለቅም ሰው ወደዚያው ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መመለስ አለበት፤ ሰነፍ ግን ቅርንጫፉን በእጁ ጨብጦ ጥሬውንም ብስሉንም በአንድ ጊዜ ይገፈዋል። ትጉው ፍሬውን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ዘርግቶ ያገላብጠዋል፥ ማታም ይሸፍነዋል፤ ሰነፉ በእርጥብ መሬት ላይ ያሰጣዋል፥ ይሻግትበታልም። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ በፈረሱላ፥ ይኸውም 17 ኪሎ ያህል በሚሆነው መስፈሪያ፥ በተመዘነ ጊዜ ሁለቱም ቡና ይባላሉ። ተቈልቶ በተቀመሰ ጊዜ ግን ስሕተቱ ይገለጣል።

የዚህም ቅጣት በጅማ ስም ላይ ደረሰ። ለብዙ ዘመን በውጭ አገር ገበያ ጅማ የሚለው ስም የተደባለቀና ርካሽ ቡና መለያ ሆኖ ቆየ። በዚያው ዘመን በጥንቃቄ ተለቅሞ የታጠበው የሊሙ ቡና የተወደደ ነበር። ሊሙና ጅማ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዛፉ አንድ፥ ዝናሙ አንድ፥ አፈሩም የተቀራረበ ነው። ልዩነቱ ከእጅ የመጣ ነበር። ጥሬውን ከብስሉ የቀላቀለ አንድ ሰው በከረጢቱ የጎዳው ራሱን ብቻ አልነበረም፤ በትጋት የለቀመው ጎረቤቱም በአንድ ስም ስለሚጠራ በእርሱ ምክንያት በርካሽ ሸጠ።

ጥፋቱ የሚጠገን መሆኑ ደግሞ በአጋሮ አካባቢ ታየ። በ2010 በጎማ ያሉ ገበሬዎች ተባብረው ዱሮሚና የሚባል ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙ በኦሮምኛ መበልጸግ ማለት ነው። እሸቱን መፈልፈያና ማጠቢያ አቁመው ቀዩን ፍሬ ብቻ መቀበል ጀመሩ። በ2012 በአፍሪካ ቡናዎች ውድድር ቡናቸው በዳኞች ተቀምሶ አንደኛ ተባለ። ምድሩ አልተለወጠም፤ ሥራው ግን ተለወጠ። ለብዙ ዘመን የተናቀ ስም በሁለት ዓመት ትጋት እንዲከበር መንገድ ተከፈተለት።

የጥላው ዛፍ ነገርም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1922 በኬንያ የታወቀ፥ የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁር በሽታ በ1971 በኢትዮጵያ ታየ፤ ብዙ ገበሬም ምርቱን አጣ። በጅማ አጠገብ በመልኮ ያሉ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከሩቅ አገር አላመጡም። ወደ ደኖቹ ገብተው በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ፈለጉ፤ ዘራቸውንም ፈትነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታ የሚቋቋሙ ቡናዎችን ለገበሬው ሰጡ። በስም ፈንታ ቁጥር ተሰጥቷቸው እስከ ዛሬ በብዙ ማሳ ይገኛሉ። እነዚያ ዛፎች በደኑ ውስጥ ተቈርጠው ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም አብሮ በጠፋ ነበር። ስለዚህ ደኑን ለማገዶና ለእርሻ የሚጨርስ ሰው የዛሬን እንጨት ሲያገኝ የነገን መድኃኒት ያቃጥላል።

የቡና አገር ሰው ቡናን ለገበያ ብቻ አይጠብቅም። ከሰዓት በኋላ እመቤቲቱ ቡናውን ትቈላለች፥ ትወቅጣለች፥ በጀበናም ታፈላለች፤ ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም። ከአንድ ግንድ በተጠረበው የጅማ በርጩማ ላይ ሽማግሌው ይቀመጣል፤ ልጆችም ቁርሱን ያቀርባሉ። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ የተጣላው ይታረቃል፥ የታመመው ይጠየቃል፥ የሞተም ዘመድ ይታሰባል። ኦሮሞው፥ ከፊቾው፥ የሙ፥ ዳውሮው፥ አማራውና ጉራጌው፥ እስላሙና ክርስቲያኑ በዚህ ስርዓት አንዱ በሌላው ደጅ ይገናኛሉ። አያቶቻቸው አንዱ ሻጭ፥ አንዱ ተሸጭ ሆነው የተገናኙ ሰዎች ዛሬ በአንድ ረከቦት ዙሪያ መቀመጣቸው ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ሰላም በንጉሥ ኬላ የሚጠበቅ አይደለም፤ በየቀኑ በየቤቱ የሚታደስ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ መልሱን አግኝቷል። የጅሬን አዳራሽ የነበረውን ታላቅነት ያስታውሳል፤ መጠበቅም ይገባዋል። የአገሩ ክብር ግን በየጊዜው የሚሠራው ከኮረብታው በታች፥ ሰው ከሰው ጋራ በሚገበያይበት ስፍራ ነው። በዚያ ሜዳ ሰው በተሸጠ ጊዜ አገሩ በሰላም ላይ ሳለ ተዋረደ፤ ጥሬው ከብስሉ በተቀላቀለ ጊዜ ስሙ ረከሰ፤ ቀዩ ፍሬ በተለየ ጊዜ ደግሞ ከበረ። ዙፋን የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው፤ መስፈሪያ ግን በሁሉ እጅ ነው። ቡና የሚለቅም ልጅ፥ ጀንፈል የሚመዝን ነጋዴ፥ ሲኒ የምታቀርብ እመቤት፥ እያንዳንዳቸው በእጃቸው ባለው ነገር የአገራቸውን ስም ወይ ያነሡታል ወይ ይጥሉታል።